ከበረንዳው ሥር የጠፋው ምሰሶ

ሴትዮዋ የሞተችው ብርድ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነው። እኛ ስንደርስ ብርድ ልብሱ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እሷን ከፍርስራሹ ሥር አውጥተው በአንሶላ ሸፍነዋታል፤ ጎረቤቶቿ ጓሮውን ሞልተው እጃቸውን በአፋቸው ጭነው ቆመዋል። ከፎቁ የኋላ በረንዳ የተረፉት ከግድግዳው የወጡ ጥቂት ጠማማ ብረቶች ብቻ ናቸው። ወደ በረንዳው ያወጣ የነበረው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ወደ ባዶ አየር ያያል።

ምክትሌ ሳጅኑ ነገር ማሳጠር የሚወድ ሰው ነው።

«አደጋ ነው አለቃ» አለኝ። «በረንዳ ወደቀ፣ ሰው ሞተ፣ አበቃ።»

«ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?»

«ገና አዲስ ነው። ባለፈው ክረምት ነው የገቡበት።»

«ታዲያ የአዲስ ቤት በረንዳ ዝም ብሎ ይወድቃል?»

ወደ ውስጥ ገብቼ ዞር ዞር አልኩ። በሮቹ በጉልበት ካልተገፉ አይዘጉም። የደረጃው እርከን አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ስወጣ ሁለቴ ተደናቀፍኩ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያዘነበለው ወደ ሳሎን ነው። የቤቱ ሰዎች ውሃው ወደ ምንጣፉ እንዳይሄድ በሩ ሥር አሮጌ ፎጣ ጠቅጥቀዋል። ይህን ቤት የሠራው ሰው ውሃ ልክ የሚባል መሣሪያ በዓይኑ ያየ አይመስለኝም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ እንዲህ ያለ ቤት ሲታቀፍ ደሜ ይፈላል። ወንጀል ይኑር አይኑር ሳላውቅ ተናድጄ ወረድኩ።

ከወደቀው ሶሌታ፣ ከበረንዳው የሲሚንቶ ወለል አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ውስጥ ተቀብሯል። መሀሉ ላይ የሆነ ክብ ነገር ቆሞበት የከረመ ንጹሕ ምልክት አለ።

«እዚህ ላይ ምን ነበር?» አልኳት አንዷን ጎረቤት።

«ምሰሶ ነዋ! በረንዳው ገና በመጀመሪያው ዝናብ ሲሰነጠቅ ባልየው ነው ያቆመው። ምሰሶው ባይኖር ማን ደፍሮ ይወጣበት ነበር?»

ጓሮውን፣ መጋዘኑን፣ የአጥሩን ጥጋጥግ አሰስን። ምሰሶ የሚባል ነገር የለም።

በዚህ መሀል የሟች ታላቅ እህት ደረሰች። መኪናው በደንብ ሳይቆም ነው የወረደችው።

«ገደላት!» አለች። «ያ ጨካኝ ገደላት! ነቅዬ እጥለዋለሁ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል!»

ለብቻዋ ወስጄ አስቀመጥኳትና አስረዳችኝ። ቤቱን የሠራው ኮንትራክተር የእሷና የሟች የአክስት ልጅ ነው። ባልየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ገና ከጅምሩ ለዘመድ ሥራ አይሰጥም ብሎ ነበር፤ ሟች ግን የሥጋ ዘመዴ አይበድለኝም ብላ አስገባችው። ቤቱ መሰነጣጠቅ ሲጀምር የባልና የሚስቱም ነገር አብሮ ተሰነጣጠቀ። ባልየው ኮንትራክተሩ ሁለተኛ ደጃፉን እንዳይረግጥ ከለከለ።

«ባለፈው ሳምንት ምን እንዳላት ታውቂያለሽ? ‹ምሰሶውን እነቅለውና የዘመድሽ ሥራ በአናትሽ ላይ ይውረድ!› ነው ያላት።»

«አንቺ ሰምተሻል?»

«ልጇ ሰምታለች።»

ልጅቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አንድ ልጃቸው ናት፤ ኮሌጅ ትማራለች። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሆና ነው ጎረቤት ደውሎ የጠራት። ደብተሮቿን እንደታቀፈች ነው። አላለቀሰችም።

«አባባ ነው» አለችኝ ገና ሳልጠይቃት።

«ሲነቅል አይተሻል?»

«ብሎ ነበር። እነቅለዋለሁ ብሎ ነበር።»

«ሲነቅል ግን አላየሽም።»

«ከእሱ ሌላ ማን ይነካዋል?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

*

ባልየውን መናኸሪያ ጠብቀን ያዝነው። ሰው አራግፎ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ነገሩን እኔው ነገርኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላ ሰው መተው አልወድም። የአውቶቡሱን በር ይዞ ቆመ።

«ምሰሶውስ?» አለ።

«ምን አሉ?»

«ምሰሶው አለ እኮ። እሱ እያለ እንዴት ይወድቃል?»

«ምሰሶው የለም።»

ጣቢያ ወስደን ወንበርና ውሃ ሰጠነው። ውሃውን አልነካውም።

«ትላንት ባለቤትዎ የት ዋሉ?»

«እህቷ ዘንድ። ስትመጣ መሽቶ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«መንገድ ላይ። ሰው ሳመላልስ ውዬ ደክሞኝ ገባሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ደግሞ…» አለና ድንገት አቆመ። ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠ። አንድ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

«ልጄ ምን አለች?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

መንገር አልነበረብኝም። ሳጅኑ ግን አፉ አላረፈም፤ «እርስዎ ነዎት ያነሱት ብላለች» አለው።

ሰውየው ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀና፦

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት። ጻፉት።»

«የት አደረሱት?»

«ለማገዶ ፈለጥኩት።»

ጓሮው ውስጥ አንዲት ፍላጭ አላየሁም። ቤቱ መጥረቢያ የለውም። ነገሩን ትቼ ምሰሶውን እንዴት እንዳቆመው ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ድምፁ የተመለሰለት። ወፍራም ግንድ መርጦ ገዛ። ከሥሩ ድንጋይ ቀበረለት። ጫፉ ሲሚንቶውን እየበላ እንዳያደቀው ከአሮጌ የአውቶቡስ ጎማ ቆርጦ በምስማር መታበት። «ማንም ይውጣበት፣ ንቅንቅ አይልም ነበር» አለ። ስለ ልጁ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ሳጅኑ ከክፍሉ ስንወጣ ደስ ብሎታል። «አመነ እኮ አለቃ! ከእንግዲህ ምን ቀረን?»

«ምሰሶው» አልኩት።

*

በማግስቱ የከተማውን መሐንዲስ ይዤ ተመለስኩ። የወደቀውን ሶሌታ በሰው ጉልበት ገለበጥነው። መሐንዲሱ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጢጥ አለ።

«ብረቱን እዪው» አለኝ። «የበረንዳ ብረት ከላይ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ ክብደቱን የሚይዘው እሱ ነው። ይህ ከሥር ተኝቷል። ሲሚንቶ ሲያፈሱ ሠራተኞቹ እየረገጡ አስተኝተውታል፣ ተው የሚል አለቃ አልነበረም። በረንዳው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሲወድቅ ነው የኖረው፤ ምሰሶው ነው ያዘገየው።»

«ያለ ምሰሶ ምን ያህል ይቆይ ነበር?»

«ትንሽ። እርጥብ ብርድ ልብስ የያዘ ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ።»

እሱ ሲናገር እኔ እጄን በሶሌታው ሆድ ላይ አስኬድ ነበር። ሸካራ፣ ጎርባጣ፣ የጣውላ አሻራ የቀረበት ሥራ ነው። በድንገት መዳፌ ለስላሳ ቦታ ላይ ወደቀ። አንድ ትሪ የሚያህል ልስን፣ ጠርዙ የማይታይ፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ ቀለሙ ከዙሪያው ጋር የገጠመ። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ቀለሙ ተላጠ፤ ገና አልጠነከረም።

በዚያ ቤት ሙሉ እንዲህ የተጠነቀቁለት አንድ ክንድ ግድግዳ የለም። ቁልፌን አውጥቼ ልስኑን ፈነቀልኩት። ከሥሩ የጎማ ጥቁር ክብ ታየ፤ ከክቡ ጀምሮ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እስከ ጠርዙ ይሄዳል።

ሳጅኑ አጎንብሶ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ሚስቱን ሊገድል ያሰበ ባል» አልኩት፣ «መጀመሪያ ቀለም ይቀባል?»

«አይቀባም።»

«ማን ይቀባል?»

«የሚያሳየው ሰው ያለው» አለ ሳጅኑ። ሲፈልግ ያስባል።

*

ኮንትራክተሩን በሙያው የሚያውቁት ሁሉ «አይነቃነቅ» ይሉታል። ደንበኛ ስንጥቅ አየሁ ሲለው ሥራው ላይ ወጥቶ በተረከዙ ይደበድበዋል፤ «አይነቃነቅም!» ይላል፤ ደንበኛውም አፍሮ ዝም ይላል። ያገኘሁት ሌላ ፎቅ ሲያስገነባ ነው። ሁለተኛው ሶሌታ ገና ትላንት ተሞልቶ ከሥሩ የእንጨት ምሰሶ ጫካ ቆሟል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ሐዘኑ የውሸት ነው ማለት አልችልም።

«እህቴ ማለት ነበረች» አለኝ። «አብረን ነው ያደግነው። ያ ሰውዬ…»

«ትላንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ! ሲሚንቶ ሲሞላ። ሠራተኛ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«በዋዜማውስ ከሰዓት በኋላ?»

«እዚሁ።»

«እነሱ ቤት ከመቼ ወዲህ አልሄድክም?»

«ከክረምት ወዲህ ደጃፉን አላየሁትም። እህቴ ትሙት!»

«ሞታለች እኮ» አልኩት።

ሲምል የኖረው በእሷ ነበር መሰለኝ፤ ምላሱ ለምዶ ነው ያመለጠው። አላዘንኩለትም።

«አለቃ!» ሲል ሰማሁ ሳጅኑ ከሶሌታው ሥር። ሄድኩ። በምሰሶዎቹ መሀል አንዱ ወፍራም ግንድ ነው፣ ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ተመትቶበታል። ሳጅኑ በሁለት እጁ አቅፎ ሊያነቃንቀው ነው።

«እንዳትነካው!» ጮህኩ። «እርጥብ ሲሚንቶ ነው ከላይህ ያለው!»

እጁን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው። ፎቶ አነሳነው፣ ከነቆመበት መዘገብነው፣ ሲሚንቶው እስኪጠነክር ከዚያ እንዳይነቀል አዘዝኩ። ማስረጃችን የሌላ ሰው ቤት ተሸክሞ ቆመ ማለት ነው።

ኮንትራክተሩ ላብ አጥምቆታል።

«ባልየው ነው የሰጠኝ።»

«ደጃፉን አላየሁትም ብለኸኝ ነበር።»

«እሺ፣ ሄጃለሁ። አዲስ ደንበኞች የሠራሁትን ቤት አሳየን አሉኝ። ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው የእሷ ነው። ምሰሶ ተገትሮ እያዩ ሥራ ይሰጡኛል? አንስቼ ትንሽ አስተካከልኩት። ማግስቱን ልመልሰው ነበር፤ እዚህ ምሰሶ ስላጠረኝ ሶሌታው እስኪሞላ ብዬ…»

«ሶሌታው እስኪሞላ» አልኩት።

«ወጥቼ በእግሬ ደብድቤዋለሁ፤ አልተነቃነቀም!»

«ማን በር ከፈተልህ?»

ዓይኑን ሰበረ። «ክፍት ነበር።»

ይህችን ሲዋሽ ከቀድሞው ሁሉ የባሰ አፈረ። ለራሱ ሲዋሽ እንዲህ አላፈረም፤ ሌላ ሰው የሚሸፍን መሰለኝ።

*

ደንበኞቹ ልብስ ሰፊ ሴትና ባሏ ናቸው። ሱቋ ውስጥ፣ ከሁለት የስፌት መኪና መሀል አነጋገሩኝ። አዎ፣ ቤቱን አይተዋል። አዎ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው።

«በተለይ በረንዳው ነው ደስ ያለኝ» አለች ሴትዮዋ። «እሱም ላዩ ላይ ወጥቶ ዘለለበት። እንደዚህ ያለ ሥራልን አልነው።»

«በረንዳው ወድቆ ሰው ገድሏል።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ባሏ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እግዜር ነፍስ ይማር» አለ። «የእኛ ግን መሠረቱ መቆፈር ጀምሯል። ካሰራችሁት ማን ይጨርስልናል? ሥራችን ቆርቆሮ እስኪለብስ ድረስ ብትታገሱንስ?»

ብዙ ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል፤ ይህን ሰውዬ ግን በደንብ አየሁት። ክፉ ሰው አይደለም። ቤት የሚያሠራ ሰው ነው።

«በር ማን ከፈተላችሁ?» አልኩ ለመውጣት እየተነሳሁ።

«ልጅቱ» አለች ሴትዮዋ። «የቤቱ ልጅ። እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ! ወንበር አወጣችልን። ኋላም ስንሄድ ያንን ትልቅ እንጨት በአንድ ወገን ይዛ ኮንትራክተሩ መኪና ላይ ስትጭነው አይቻለሁ፤ ለሴት ልጅ ይከብዳል ብዬ ባሌን ሂድ አግዛት አልኩት።»

*

ልጅቱን አክስቷ ቤት አገኘኋት። አክስትየዋን እባክሽ ውጪልን አልኳት። ልጅቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ልብስ ሰፊዋን አነጋገርኳት» አልኳት።

ልትዋሽ አልሞከረችም። ትከሻዋ ብቻ ወረደ።

«ጋሼ ነው ያለኝ…» አለች። ኮንትራክተሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ነው የምትለው። «እነዚህ ሰዎች ሥራውን ከሰጡኝ በረንዳችሁን አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ አለኝ። ምሰሶውን ነገ ጠዋት መልሼ አቆመዋለሁ፣ እናትሽ እንዳትሰማ፣ ከነሠራተኛዬ መጥቼ ላስገርማት አለኝ።»

«አመንሽው።»

«ጭቅጭቁ እንዲቆም ብቻ ነው የፈለግኩት! እራት በቀረበ ቁጥር በረንዳ፣ በረንዳ፣ በረንዳ። እማማ ስታለቅስ፣ አባባ በር ሲያላጋ። አንዴ ቢሠራ ሁሉም ያልቃል አልኩ። ደግሞ ወጥቶ ዘለለበት እኮ፣ አልወደቀም።»

«ማታ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ሁለቱም ደክመው ገቡ፣ ወደ ጓሮ የወጣ የለም። ጠዋት አባባ ቀድሞ ሄደ። እማማ ተኝታ ነበር። ልቀስቅሳት ብዬ በሯ ላይ ቆምኩ። ጋሼን ማስገባቴን ስትሰማ ለአባባ ትነግረዋለች፣ ይጣላሉ ብዬ… አሁን ይመጣል፣ ይመልሰዋል ብዬ ሄድኩ።»

ከዚህ በኋላ አለቀሰች። እስኪወጣላት ጠበቅኳት፤ ግን ሳልጠይቃት ልሄድ አልቻልኩም።

«አባትሽ ነው ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«ብሎት ነበራ። እነቅለዋለሁ ብሎ ነበራ።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «እሱ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ለእርስዎ ስነግር፣ ለአክስቴ ስነግር፣ ደጋግሜ ስለው የእውነት መሰለኝ። ከዚያ አመነ አሉኝ። ካመነማ እሱ ነው አልኩ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?»

አንጀቴን በላችው፤ አናደደችኝም። ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ።

*

አባትየውን ከእስር ክፍሉ አስወጣሁት። ቀበቶውንና ጫማውን መለስንለት። ኮንትራክተሩ እንደታሰረ ነገርኩት፤ ክሱ ምን እንደሚሆን ግን ገና እንደማላውቅ አልደበቅኩትም። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ተናገረች?»

«ተናገረች።»

እጁ ማሰሪያው ላይ ቆመ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አልኩት።

«እዚያው ወንበሩ ላይ። በዋዜማው እኔ የለሁ፣ እናቷ የለች። ቤት የዋለችው እሷ ናት። እሷ ካልከፈተች ማንም አይገባም። ደግሞ በእኔ ማላከኳን ስሰማ…» ተወው።

«በሰው ነፍስ ሊፈረድብዎት ይችል ነበር።»

«ይፈረድብኝ ነዋ!» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሳጅኑ ከጠረጴዛው ቀና አለ። «ምን ቸገረሽ አንቺ? እኔ ነኝ ብያችሁ አልነበረም? እናቷን የገደለ አባት ነበራት። የምትጠላው ሰው ነበራት። ከዛሬ ጀምሮ ማንን ትጥላ?»

«ኮንትራክተሩን» አልኩ።

«እሱንማ ራሷ በር ከፍታ አስገብታዋለች።»

ሥራዬን ሠርቻለሁ አልኩት በልቤ። ንጹሕ ሰው ነው፤ ንጹሕ ሰው አስሬ አላኖርም። እውነት ነው፤ ግን ለእሱ ልነግረው አፍ አልነበረኝም። መዝገቡ ላይ ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየኝም።

ልጅቱ ከግቢው በር ውጪ ቆማ ነበር። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ አክስትየዋ ሁለቱንም ቤቴ አላስገባም ብላለች። አባትየው አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። አንድ ነገር አላት፤ አልሰማሁትም። እሷ መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ሄደ፤ ሌላ ቤት የላቸውም። ጥቂት እንደ ራቀ ዞሮ ጠበቃት፤ እሷም ቆመች። መራመድ ሲጀምር ተከተለችው። እስከ መታጠፊያው ድረስ በመስኮት አየኋቸው፤ አልተጠጋችውም፣ እሱም ሁለተኛ አልጠበቃትም።